ሶርስ ኮዱ ክፍት ሆኖ ሳለ ፕሮግራሙ ለምን እምቢ ይላል?



ፕሮግራም አውርደን ስንጭን አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው የተዘጋጀውን ነው። ሰው የጻፈውን ሶርስ ኮድ ፕሮሰሰሩ ወደሚገባው ቋንቋ ለውጦ፣ ማለትም ኮምፓይል አድርጎ፣ ያስቀመጠልን ሌላ ሰው ነው። ይህ ዝግጅት የሚደረገው ግን ብዙ ሰው ለሚጠቀምባቸው ማሽኖች ነው። አሮጌ ባለ 32 ቢት ላፕቶፕ ወይም ያልተለመደ ፕሮሰሰር ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ኮምፓይሉን ራሱ ለማድረግ ይገደዳል። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው በአብዛኛው ፕሮግራሙ ራሱ ሳይሆን ፕሮግራሙ የቆመባቸው ሌሎች ሶፍትዌሮች ናቸው።

አንድ እውነተኛ ምሳሌ እንይ። ብዙ የፓይተን ፕሮግራሞች ለምስጠራ ሥራ «ክሪፕቶግራፊ» የተባለውን ላይብረሪ ይጠቀማሉ። ቀድሞ እሱን ከሶርስ ለመገንባት በዋናነት የሲ ኮምፓይለርና ኦፕን ኤስኤስኤል ይበቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 የወጣው እትም 3.4 ግን የራስት ኮምፓይለርንም ጠየቀ። ምክንያቱ ተገቢ ነበር፤ በሲ ፕሮግራሞች ላይ የሚዘወተሩ የሜሞሪ ስህተቶችን ራስት በአብዛኛው ይከላከላል። ሆኖም የተዘጋጀ ፋይል ያልነበራቸው የአልፓይን ሊኑክስ ተጠቃሚዎች ግንባታቸው በድንገት ተቋረጠ። እነሱ ራስትን ጭነው ሊወጡት ይችሉ ነበር። እንደ አልፋና ኤችፒፒኤ ያሉ የቆዩ ፕሮሰሰሮች የነበሯቸው ግን የሚጭኑት ራስት አልነበረም። ራስት ኮድ የሚያመነጨው ኤልኤልቪኤም በተባለ ሶፍትዌር በኩል ሲሆን፣ ኤልኤልቪኤም እነዚያን ፕሮሰሰሮች አይደግፍም ነበር። ለጊዜው ራስትን የሚያስቀር ምርጫ ተሰጥቷቸው ነበር፤ በቀጣዩ ዋና እትም 35.0 እሱም ተነሳ።

«እንግዲያው ራስትን ራሱን እንገንባ» ቢባል ሌላ እንቅፋት አለ። የራስት ኮምፓይለር የተጻፈው በራስት ስለሆነ፣ እሱን ለመገንባት ቀደም ያለ የራስት ኮምፓይለር ያስፈልጋል። መድረሳ የቀራ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ሸይኹ ከሸይኻቸው፣ እሳቸውም ከሸይኻቸው እንደተቀበሉት ያለ ሰንሰለት ነው። ለአዲስ ዓይነት ማሽን የመጀመሪያው ኮምፓይለር ሌላ ማሽን ላይ ተሠርቶ መምጣት አለበት። ይህ ክሮስ ኮምፓይል ይባላል።

ሦስተኛው ችግር ሜሞሪ ነው። ባለ 32 ቢት ሲስተም ላይ አንድ ፕሮግራም ከ4 ጊጋባይት በላይ አድራሻ ሊኖረው አይችልም። እንደ ብራውዘር ያለ ትልቅ ሶፍትዌር ሲገነባ፣ ቁርጥራጮቹን የሚያገጣጥመው ሊንከር ከዚህ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ያኔ ተጨማሪ ራም መግዛት አይፈታውም።

ስለዚህ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ላይብረሪ ከመምረጣችን በፊት ሥራው የሚሮጥበትን ፕሮሰሰር ዓይነትና ቢት እንይ፤ ላይብረሪው የሚደገፍባቸውን ኮምፓይለሮችም እንፈትሽ። እንደ ዴቢያን ያለው ሲስተማችን ራሱ ያዘጋጀው ፓኬጅ ካለ ከእሱ እንጀምር። ግንባታው ከተቋረጠ የመጨረሻውን መስመር ትተን ከላይ ያለውን የመጀመሪያ ስህተት እንፈልግ፤ የቀሩት ብዙ ጊዜ የእሱ ተከታዮች ናቸው። ራም ካነሰ ጎን ለጎን የሚሠሩትን ሥራዎች ወደ አንድ እንቀንስ። ይህም ካልሆነ ባለ 64 ቢት ላፕቶፕ ያለውን ጓደኛ ጠይቀን እዚያ ላይ ክሮስ ኮምፓይል እናድርግ። ይህን ማጣራት በፕሮፖዛል ሳምንት ጥቂት ሰዓታት ይወስዳል፤ በማስረከቢያው ሳምንት ከሆነ ግን ፕሮጀክቱን ሊያሳጣን ይችላል።