በረዶ የራቃት ትንሽ ኮረብታ

ባለፈው ዓመት ልጄ ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ አራስ ልጠይቅ፣ ገንፎም ላገነፋ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሄጄ ነበር። ጊዜው ጥር ነው። የጅማ ጎረቤቶቼ «በረዶው እንዳይጎዳሽ» ብለው ጋቢና ወፍራም ካልሲ አሸክመው ነበር የላኩኝ። እዚያ የጠበቀኝ ግን ካፊያና ጭቃ ነው። ብርዱ ይበርታ እንጂ ጭቃው የአጋሮን ሐምሌ አስታወሰኝ።

አንድ ቅዳሜ አማቼ ከከተማ ወጣ ወዳለ ቦታ በመኪና ወሰደን። ከመንገዱ ዳር ባለ ኮረብታ ላይ፣ በዛፎች መሃል የቆሙ የዛጉ የብረት ምሰሶዎች አየሁ። ከምሰሶ ምሰሶ ወፍራም የሽቦ ገመድ ተዘርግቷል። በገመዱ ላይ አግዳሚ ወንበር የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ከታች ቁጥቋጦ የዋጠው የጣውላ ቤት አለ።

«ምን ይጫንበት ነበር?» አልኩ። ከሸለቆ ቡና የሚያወጡበት መስሎኝ ነበር።

የሰባት ዓመቱ የልጅ ልጄ ሳቀብኝ። «አኮ፣ ሰው እኮ ነው የሚጫንበት!» አለኝ። በእኛ በጅማ ብዙ ልጆች አያታቸውን በኦሮምኛው «አኮ» ይላሉ፤ ልጄም አጠራሩን ባሕር አሻግራ ወስዳዋለች።

ቦታው የበረዶ ሸርተቴ መጫወቻ ነበር። እኛ በረዶ የምንለው ከዝናብ ጋር ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድበውንና የቡና አበባ የሚያረግፈውን ጠጠር ነው። የእነሱ እንደ ባዘቶ ብን ብሎ የሚወርድ ነው። ሲከመር ሰው ከጫማው ሥር ረዣዥም ቀጫጭን ጣውላ አስሮ ቁልቁል ይንሸራተትበታል። ሽቅብ መመለሱ አድካሚ ስለሆነ፣ የሚዞረው ገመድ ወንበር ላይ አስቀምጦ ያወጣዋል። ቼርሊፍት ይሉታል።

የአማቼ ጎረቤት የሆኑ አንድ ጡረተኛ ልጅ ሳሉ ሸርተቴ የተማሩት እዚያች ኮረብታ ላይ ነበር። አባታቸው ከሥራ ሲመለሱ ይዘዋቸው ይሄዱ ነበር። በጣውላው ቤት እናቶች ትኩስ ሾርባ ይሸጣሉ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እዚያ ይተዋወቃል። በኋላ ክረምቱ ዝናብ እየሆነ መጣ። አንዳንድ ዓመት የተጫወቱት ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። አንድ ዓመት በሩ ሳይከፈት ቀረ፤ ከዚያ ወዲያም አልተከፈተም።

ነገሩ ከንክኖኝ ማንበብ ጀመርኩ። ቼርሊፍት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1936 አይዳሆ ውስጥ ሰን ቫሊ በተባለ ቦታ ነው። የነደፈው ጂም ከራን የተባለ የባቡር ኩባንያ መሐንዲስ ሲሆን፣ ሐሳቡን ያገኘው በሞቃት አገር የሙዝ ዘለላ እያንጠለጠለ መርከብ ላይ ከሚጭን ማሽን ነው። በመንጠቆው ፈንታ ወንበር አደረገበት። ቡና የሚጫንበት መስሎኝ መጠየቄ ያን ያህል የሚያስቅ አልነበረም ማለት ነው።

ትንንሾቹ ኮረብታዎች ግን ከዚያም ቀላል ነበሩ። በቬርሞንት ክፍለ ግዛት ዉድስቶክ በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1934 የአሮጌ ፎርድ መኪና ሞተር ገመድ እንዲያዞር ተደረገ፤ ልጆች ገመዱን ጨብጠው ሽቅብ ይጎተቱ ጀመር። ሌሎችም ይህንኑ ተከተሉ። የእርሻ ዳገት፣ ገመድና ሞተር ከተገኘ ለመንደሩ ልጆች በቂ ነበር።

ዛሬ ብዙዎቹ የሉም። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ኒው ኢንግላንድ በሚባለው አካባቢ ብቻ የተዘጉ የሸርተቴ ቦታዎችን የሚመዘግቡ ሰዎች ከ600 በላይ ቆጥረዋል። በመላው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 ክረምት 735 የሸርተቴ ቦታዎች ይሠሩ ነበር፤ አሁን 500 አይሞሉም። በሜሪላንድ የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከዋሽንግተን ብዙ ሰዓት በሚያስነዳው በምዕራቡ ተራራማ ጫፍ ይገኛል።

የዘጋቸው ምክንያት አንድ አይደለም። ሰፋፊ መንገዶች ሲሠሩ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ወደ ትልልቆቹ ተራሮች መንዳት ጀመረ። የኢንሹራንስ ክፍያ ናረ። ከሁሉም በላይ ግን በረዶው የማይታመን ሆነ።

በረዶ በማሽን ይሠራል፤ ግን ዋጋ አለው። ውኃን በተጨመቀ አየር በጣም አድቅቆ ወደ ሰማይ መርጨት ነው፤ ጠብታው ሳይወርድ አየር ላይ ይረጋል። አየሩ ግን መቀዝቀዝና መድረቅ አለበት። መርፌ ከመውጋታችን በፊት ቆዳችሁን በአልኮል ስንጠርገው የሚቀዘቅዛችሁ አልኮሉ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። የውኃው ጠብታም ከፊሉ እየተነነ ይቀዘቅዛል። አየሩ እርጥብ ከሆነ መትነን ስለማይችል ማሽኑ ዝናብ ይረጫል። በዚያ ላይ ፓምፑ፣ ኮምፕሬሰሩ፣ መብራቱ አለ። የመንደር ኮረብታ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል?

ከፍ ያለ ቦታ መሆንም ሁልጊዜ አያድንም። በቦሊቪያ ቻካልታያ በተባለ ተራራ ላይ፣ ከ5,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ የሸርተቴ ቦታ ነበር። ከራስ ደጀን አናት እጅግ ይበልጣል። የሚንሸራተቱበት የበረዶ ግግር ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2009 ፈጽሞ ጠፋ።

ይህን ሳነብ የእኛው ቡና ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት፣ ሙቀቱ በዚሁ ከቀጠለና ምንም ካልተደረገ፣ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው እስከዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። ቡናን ወደ ደጋው ማውጣት እንደሚቻል ጥናቱ ይናገራል። የዝቅተኛው ቦታ ገበሬ ግን ማሳውን ተሸክሞ ዳገት አይወጣም። ያች ኮረብታም መሄጃ አልነበራትም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የልጆቹ ነገር ነው። ትልልቆቹ ተራሮች አሁንም ክፍት ናቸው። መኪና፣ የሆቴል ገንዘብና የእረፍት ቀን ያለው ይሄዳል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንደሚባለው፣ ልጅን የሚያሳድገው በእግሩ የሚደርስበት ቦታ ነው። ከእኛው ሰው ሮቤል ተክለማርያምን አስቡ። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ ሄደ። ትምህርት ቤቱ በረዶ ባለበት በሌክ ፕላሲድ አካባቢ ስለነበር ሸርተቴ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ የወከለ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ በ2010 ቫንኩቨር ላይም ደገመው። አዲስ አበባ ሲለማመድ በረዶ ስለሌለ ጎማ የተገጠመለት ሸርተቴ አስሮ አስፋልት ላይ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ለማየታችን እጠራጠራለሁ።

እዚህ ላይ ለእናንተ ለወላጆችና ለአያቶች የምናዘዘው ነገር አለኝ። በእኛ ሰፈር ከቤቶቹ ጀርባ ሣር የለበሰ ዳገት ነበር። ክረምት ሲገባ ልጆች የተቆረጠ ጀሪካን ወይም የእንሰት ቅጠል ላይ ተቀምጠው ቁልቁል ይንሸራተቱበት ነበር። አንድ ዓመት አንድ ልጅ ክንዱ ተሰብሮ መጣብኝ። እኔም በጤና ባለሙያነቴ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ቦታው አደገኛ ነውና ይታጠር አልኩ። ታጠረ። ሰዎች አመሰገኑኝ። ልጆቹ የት ይጫወቱ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አሁን ከሰዓት በኋላ ስወጣ የማያቸው በየደጁ ስልክ ላይ አቀርቅረው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ ይመክራል። የክንድ ስብራት በጥቂት ሳምንታት ይጠግናል። እኔ ያሳጠርኩት ዳገት ግን እስካሁን አልተከፈተም።

ከሜሪላንድ ስመለስ የእድራችንን ዳኛ አነጋገርኩ። የእድሩ ግቢ ለጥ ያለ ሣር አለው፤ በጀርባው በኩልም ትንሽ ተዳፋት ነው። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ለቅሶ ከሌለ፣ ለልጆች እንዲከፈት ተስማማን። ሁለት ሁለት አያቶች በተራ እንጠብቃለን። በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ቦታ ካለ ጠጠርና ጠርሙስ ልቀሙ። የሚቆሙበት ቦታ ከመኪና መንገድና ከቦይ ይራቅ። በጭንቅላት ሳይሆን በእግር ይውረዱ፤ ትንንሾቹ ከትልልቆቹ ተለይተው ይጫወቱ። ድንገት ስብራት ከደረሰ አትሹት፣ አትጎትቱት። በጨርቅና በእንጨት ሳታጠብቁ ደግፉትና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ወጌሻ አጥብቆ ያሰረው ክንድ ጣቶቹ ቀዝቅዘውና ጠቁረው እስከ መቆረጥ የደረሰ ልጅ በሥራ ዘመኔ አይቻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አሥራ አራት ልጆች መጡ። አንዷ ጉልበቷ ተላጠና በሳሙናና በውኃ አጠብኩላት። እያለቀሰች ወደ ተዳፋቱ ተመለሰች። አማቼ በቪዲዮ ሲደውል የልጅ ልጄን ጀሪካኑን አሳየሁት። «አኮ፣ ለእኔም አስቀምጪልኝ» አለኝ። በክረምት ሊመጡ ነው፤ ቢጫውን አስቀምጬለታለሁ።