«አንክሺየስ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ልባቸው እየመታ እንቅልፍ የነሳቸው አንዲት እናት በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ቀረቡልኝ። የልብና የእንቅርት ዕጢ ምርመራቸው ጤናማ በመሆኑ «ሕመምዎ ጭንቀት ነው» አልኳቸው። «ምን ጎደለኝና ነው የምጨነቀው?» ብለው ቅር እንዳላቸው ወጡ፤ በቀጠሯቸውም አልተመለሱም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። በካርዳቸው ላይ «አንክሺየስ» ብዬ የጻፍኩትን የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል ለውጬ ያለ ማብራሪያ ሰጥቻቸዋለሁና።

ቃሉ ማነቅ፣ ማጥበቅ የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ግሥ የመጣ ነው። የልብ ደም ሥር ሲጠብ ለሚሰማው የደረት ሕመም የምንጠቀምበት «አንጃይና» የተባለው ስያሜም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ሕመምተኞቻችን «ደረቴን ያፍነኛል»፣ «ጠበበኝ» ሲሉ ከቃሉ ጥንተ ትርጉም እምብዛም አልራቁም።

በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ ቃሉ ሁለት ፍቺ አለው። አንድ ሰው ዘመዱን ለማግኘት «አንክሺየስ» ነኝ ሲል ጓጉቻለሁ ማለቱ ነው፤ ስለ ልጁ ጤና «አንክሺየስ» ነኝ ሲል ግን ሰግቻለሁ ማለቱ ነው። ከፍርሃት የሚለየውም በዚህ ነው። ፍርሃት ፊት ለፊት ከቆመ አደጋ ይመጣል፤ ስጋት ግን ገና ላልደረሰው፣ ምናልባትም ለማይደርሰው ነው።

በሕክምና ደግሞ ስሜቱና ሕመሙ ሊለያዩ ይገባል። ከፈተና በፊት መስጋት በሽታ አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ መሠረት አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም የሚባለው ስጋቱ ቢያንስ ለ6 ወራት በአብዛኞቹ ቀናት ሲኖር፣ ለመቆጣጠር ሲያስቸግርና ኑሮን ሲያውክ ነው። ከዚህም ጋር ዕረፍት ማጣት፣ ቶሎ መድከም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ብስጩነት፣ የጡንቻ መወጠርና የእንቅልፍ መታወክ ከተባሉት 6 ምልክቶች በአዋቂዎች ላይ ቢያንስ 3 ሊታዩ ይገባል። እንደ እንቅርት ዕጢ ያለ ሌላ መንስኤ አለመኖሩም መረጋገጥ አለበት።

«ጭንቀት» የሚለው ቃላችን ይህን ሁሉ ብቻውን አይሸከምም። ችግርንም፣ መከራንም፣ የሥራ ጫናንም ይጠራበታል። «የመንፈስ ጭንቀት» የሚለው ደግሞ ዛሬ ብዙዎች «ድባቴ» ለሚሉት ሕመም ለረጅም ጊዜ አገልግሏል። ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊታዩ ቢችሉም አንድ አይደሉም፤ በድባቴ ጎልቶ የሚታየው ሐዘንና የፍላጎት መጥፋት ሲሆን፣ በዚህኛው ግን ስጋት ነው። በእንግሊዝኛም ቢሆን አንድ ቃል አልበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ባለ 7 ጥያቄ መጠይቅ በመጀመሪያው ጥያቄ ለዚሁ ስሜት ሦስት አባባሎችን ይደረድራል።

ስለዚህ ዛሬ የሕመሙን ስም ከመናገሬ በፊት «ምን ይመጣብኛል ብለው ይሰጋሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ቀጥዬም «አደጋ ሳይኖር ሰውነትዎ ሊሸሽ እንደተነሣ ሰው ተዘጋጅቶ ይውላል። ይህ የሚሆነው የጎደለዎት ነገር ስላለ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሕመም ነው፤ በምክክርና በመድኃኒትም ይታከማል» እላለሁ። ለእኚያ እናት ልነግራቸው ይገባኝ የነበረው ይህንኑ ነበር።