የሐይቅ ጉባኤና የቦሩ ሜዳ ጉባኤ

ከደሴ በስተሰሜን የሚገኘው ደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ከቀደሙት የትምህርት ምንጮች አንዱ መሆኑ ለሊቃውንት የተሰወረ አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ምእት ዓመት በዚያ ጉባኤ በዘረጉ ጊዜ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከደቀ መዛሙርቱ መካከል ነበሩ። ከዚያው ገዳም የተማሩት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫም በ1416 ዓ/ም የተፈጸመውን መጽሐፈ ምሥጢርን ሲደርሱ የሰባልዮስን፥ የአርዮስንና የንስጥሮስን ነገር በየተራ እየጠሩ መልስ ሰጡበት። የተቃዋሚውን ነገር ያልሰማ መልስ ሊሰጥ አይችልምና።

በትርጓሜ ቤት ያለው ልማድም ይህንኑ ያስረዳል። መምህሩ አንዱን ቃል ፈትቶ ሲያበቃ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፥ ደግሞም «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ያመጣል። ሁለተኛው የፊተኛውን አይሽረውም፤ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ተማሪዎችም ከጉባኤው ተነሥተው እርስ በርሳቸው ይከልሱታል፥ ይሟገቱበታልም።

ከሐይቅ ብዙ ሳይርቅ፥ በደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ፥ በ1870 ዓ/ም የተሰበሰበው ጉባኤ ግን ሌላ ዓይነት ነበር። አፄ ዮሐንስ 4ኛና ንጉሥ ምኒልክ በተቀመጡበት የተዋሕዶና የጸጋ ሊቃውንት ተከራከሩ፤ ከእስክንድርያ የመጣው ደብዳቤ ተነበበ፤ የጸጋው ወገን ተረታ፤ ነገሩም በዐዋጅ ተዘጋ። ዐዋጁ በሊቃውንቱ ላይ ብቻ አልቆመም፤ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። በኋላ ንጉሥ የሆኑት ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ሼህ ጦልሃ ግን እንቢ ብለው ተነሡ። እስላሙ ተከራካሪ ሆኖ ባልቀረበበት ጉባኤ ፍርዱ በእርሱም ላይ ወደቀ።

ዛሬ በሐይቅና በአምባሰል ያለው ሕዝብ ክርስቲያኑና እስላሙ የተጋባና የተዛመደ፥ ቄሱና ሼሁም በአንድ የሽምግልና ሸንጎ የሚቀመጡበት ነው። ስለዚህ ሹማምንትና ካህናት ስለ እውነት፥ ስለ ፍትሕና ስለ መልካም ኑሮ ሕዝቡን ለውይይት በሚጠሩበት ጊዜ፥ ከሁለቱ ጉባኤያት የትኛውን እንደሚዘረጉ አስቀድመው ሊለዩ ይገባል። ሹሙ ፍርዱን በመጀመሪያ ከተናገረ፥ ባላገሩ ተነሥቶ የሚናገረው ምርቃት ብቻ ነው። ስለዚህ ሹሙ በመጨረሻ ይናገር፤ ጸሐፊውም የተረታውን ወገን ቃል ሳያጎድል በቃለ ጉባኤው ያስፍር። ቀድሞ ደሴት የነበረው ገዳም ለሴቶች የተከለከለ ስለሆነ፥ እናቶችም ገብተው ይጠይቁ ዘንድ ስብሰባው በሐይቅ ከተማ በአደባባይ ቢደረግ ይሻላል።