የሊበን ሜዳዋ ላርክ

ከነጌሌ ቦረና ከተማ በስተምሥራቅ በኩል የሊበን ሜዳ ተንጣሎ ይገኛል። የሊበን ላርክ የምትባለውን ወፍ ፍለጋ ወደዚያ የሚዘልቅ ሰው ከወፏ አስቀድሞ ረዘም ያለ ሣር መፈለግ አለበት። ከብት አሳጥሮ የጋጠው መሬት ላይ ብዙ አትገኝም።

ላባዋ ቡናማ ዝንጉርጉር፣ አንገቷ ቀጭን፣ ጅራቷ አጭር ነው፤ የኋላ ጣቷ ጥፍር ግን ረጅም ነው። ሰው ሲቀርባት ከመብረር ይልቅ በሣሩ ሥር እየሮጠች ትሰወራለች። ስለዚህ የሚያዋጣው ዝናብ ጥሎ ሣሩ ሲያድግ፣ በማለዳ ሄዶ ቆሞ ማዳመጥ ነው። ወንዱ ከሣሩ ብድግ ብሎ ጥቂት ሜትር ከፍ ይልና አየር ላይ ክንፉን እያርገበገበ ይዘምራል፤ ከዚያ ቁልቁል ወርዶ ሣሩ ውስጥ ጥልቅ ይላል። በመነጽር የሚያዘው ያኔ ነው። ወዳረፈበት መሮጥ ግን ነውር ነው፤ ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ ነውና እግር እንቁላል ሊረግጥ ይችላል።

ፈረንሳዊው ክርስቲያን ኤራር ወፏን ያገኛት በ1968 ሲሆን፣ ለሳይንስ ያስተዋወቃት በ1975 ነው (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ2009 የወጣ ጥናት በሊበን የቀሩትን ከ90 እስከ 256 ገምቷል፤ የሚኖሩበትም ስፍራ ከ36 ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነበር። በዚያው ዓመት እጅግ አሳሳቢ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ዝርያዎች ተመደበች። በ2013 የዘር ምርመራ በጅግጅጋ አካባቢ የሚገኙት ላርኮች የእሷው ዝርያ መሆናቸውን አሳየ። ደስ የሚል ዜና ነው፤ የሊበኖቹን ግን አላበዛቸውም።

ሜዳው የጠበበው በብዙ ምክንያት ነው። አርብቶ አደሩ ድሮ እሳት እየለቀቀ ቁጥቋጦውን ይገታ ነበር፤ በደርግ ዘመን ማቃጠል ሲከለከል ቁጥቋጦው ሣሩን ዋጠው። ከዚያም እርሻ መጣ፤ ከብቱም በቀረችው ሣር ላይ ተጨናነቀ።

እኔ ተስፋ የማደርገው በካሎ ነው። ካሎ የአካባቢው አርብቶ አደሮች ለበጋ የሚከልሉት የግጦሽ መሬት ነው። ቁጥቋጦው ይመነጠራል፤ የተቆረጠው እሾህ እዚያው አጥር ይሆናል። በዝናብ ወራት ከብት ስለማይገባበት ሣሩ ያድጋል፤ ላርኳም የምትፈለፍለው በዚያው ወቅት ነው። ድርቁ ሲበረታ ደግሞ ያው ሣር ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች ይደርሳል። ስለዚህ ወፏን ለማየት የሚሄድ ሰው የአካባቢውን ሽማግሌዎች አስፈቅዶ፣ መንገድ መሪውን ከዚያው መንደር ቀጥሮ፣ ገንዘቡን ካሎውን ለሚጠብቁት ሰዎች ቢተው እመርጣለሁ።