ቶሎ የደረቀ ሰርዶ አልሞተም

ሰሞኑን በስልክ የሚዞረውን ቪዲዮ አይታችሁት ይሆናል። ጨው፣ ኮምጣጤና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ተበጥብጦ ሰርዶ ላይ ይረጫል፤ በማግስቱ ሣሩ ድርቅ ብሎ ይታያል። «ከነሥሩ ጠፋ!» ይላል ተራኪው። አልጠፋም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ያንን ቦታ የሚቀርጽ ግን የለም። ጎረቤቴ አምና በግቢያቸው ኮብልስቶን መሐል ሞክረውት ሰርዶው ሲመለስባቸው ጨው ጨመሩበት። አጠገቡ የነበረው ጽጌረዳ ደረቀ፤ ሰርዶው ለመለመ። ሰርዶ ጨውን ከብዙ የጓሮ ተክል በተሻለ ይችላል።

ነገሩ ያለው ከመሬት በታች ነው። «የሰርዶ ሥር» የምንለው ነጭ ገመድ በሳይንሱ ግንድ ነው። (ቃሉን የማርመው ለመመጻደቅ አይደለም፤ መፍትሔው በዚህ ልዩነት ላይ ስለቆመ ነው።) ግንድ አንጓ አለው፣ በየአንጓውም ቡቃያ ተኝቷል። በዶማ ስትቆራርጡት አንጓ ያለው ቁራጭ ሁሉ ራሱን የቻለ ሰርዶ ይሆናል። የምግብ ክምችቱም እዚያው ነው። ቅጠሉ ማጀት ቢሆን ይህ ጎተራው ነው፤ ጎተራው እስካልተነካ ድረስ የተቃጠለ ማጀት እንደገና ይሠራል።

ጎተራው ድረስ ከሚዘልቁት ጥቂት ፀረ-አረሞች አንዱ ግላይፎሴት ነው። አረም ገዳይነቱን የሞንሳንቶው ኬሚስት ጆን ፍራንዝ እ.ኤ.አ. በ1970 አገኘው፤ ከ1974 ጀምሮ «ራውንድአፕ» ተብሎ ይሸጣል። ቅጠል ውስጥ ከገባ በኋላ ስኳር በሚጓዝበት ፍሎም በሚባለው ቧንቧ ይሳፈራል። አንጓዎቹ ዘንድ ሲደርስ ፌኒልአላኒን፣ ታይሮሲንና ትሪፕቶፋን የተባሉትን አሚኖ አሲዶች ለመሥራት የሚያስፈልገውን ኢንዛይም ያግዳል። ቡቃያው ፕሮቲን መሥራት እያቃተው በዝግታ ይሞታል።

ስለዚህ ቅጠሉ ለጥቂት ቀን በሕይወት መቆየት አለበት። ጭነት የያዘች አህያ ደጃፍ ላይ ከሞተች እህሉ ገበያ አይደርስም። ግላይፎሴትን ቅጠል ከሚያቃጥል ነገር ጋር የሚደባልቅ ሰው አህያዋን ነው የሚገድለው። ረጭቶ በማግስቱ የሚያጭድም እንደዚያው።

ጊዜውም ከዚሁ ይመጣል። ገና ያቆጠቆጠ ሰርዶ ከጎተራው እየበላ ስለሚያድግ ፍሰቱ ወደ ላይ ነው። ቅጠሉ ሞልቶ ማበብ ሲጀምር ትርፉ ስኳር ወደ ታች ይወርዳል፤ መርዙም አብሮ። በበጋ የጠወለገና አቧራ የለበሰ ሣር ላይ መርጨት ገንዘብ መድፋት ነው። ዝናቡ ሲያባራ፣ መሬቱ ሳይደርቅ፣ በመስከረም ይሻላል። ከወንዝ የተቀዳ ድፍርስ ውሃ አትጠቀሙ፤ ግላይፎሴት ከሸክላ አፈር ጋር በጥብቅ ስለሚጣበቅ እዚያው መርጫው ውስጥ ይታሰራል።

በስንዴና በጤፍ ማሳ የሚረጨው ቱ-ፎር-ዲ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን እንጂ ሰርዶን አይገድልም። ግላይፎሴት ደግሞ አይመርጥም፤ የመስክ ሣራችሁንም ይወስዳል።

ስለ ጤና ስጠየቅ፣ የአረም ባለሙያ ስለሆንኩ ለሙያዬ እንዳላደላ እጠነቀቃለሁ። ግላይፎሴት የሚያግደው ኢንዛይም በሰውም ሆነ በእንስሳት ሴል ውስጥ የለም፤ እውነት ነው። በብዙ ባክቴሪያዎች ግን አለ፣ አንጀታችን ደግሞ ባክቴሪያ የሞላበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 እ.ኤ.አ. «ምናልባት ካንሰር አምጪ» ሲል መደበው፤ በዚያው ዓመት የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ካንሰር የማምጣቱ ነገር የማይመስል ነው አለ። የመጀመሪያው ያየው ንጥረ ነገሩ የማምጣት አቅም አለው ወይ የሚለውን ነው፤ ምን ያህሉ ምን ያህል ያሰጋል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ይህ ልዩነት በየቀኑ መርጫ ለሚሸከመው ሠራተኛ ጓንትና መሸፈኛ ልብስ አይተካለትም። ከፈሳሹ ጋር የሚቀላቀሉ አንዳንድ ማጣበቂያዎች ዓሣ ስለሚጎዱም ወንዝ ዳር አይረጭም። ደጋግሞ አንድ ዓይነት መርጨት የራሱ ጣጣ አለው፤ ግላይፎሴትን የለመደ ሣር በአውስትራሊያ በ1996 እ.ኤ.አ. ተገኝቷል።

ጎረቤቴ ዘንድሮ በመስከረም ረጩ። በአራተኛው ቀን ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ይኸው እንደ አረንጓዴ ነው፤ ውሃ ነው እንዴ የሸጡልኝ?» አይንኩት አልኳቸው። በአሥራ አራተኛው ቀን ቢጫ ሆኖ አገኘሁት። ድንጋይ አንስተን ስንቆፍር ገመዱ ቡናማ ሆኖ በጣት ይፈረካከሳል። በአጥሩ ጥግ ሁለት ቦታ ላይ ግን ነጭና ጠንካራ ነበር፤ እዚያ ቅጠሉ እስኪሞላ ጠብቀን በጥቅምት እንደግመዋለን።