የኩስኮ ታሪክ ከመቼ ይጀምራል?

በዚህ እትም ስለ ኩስኮ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ኩስኮ በደቡብ አሜሪካ፣ በፔሩ አገር፣ በአንዲስ ተራሮች ላይ ያለ አካባቢ ነው። ዋና ከተማውም ኩስኮ ይባላል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል።

ኩስኮን ለምን መረጥኩ? አንድ ቀን በኅብረተሰብ ክፍለ ጊዜ መምህራችን ካርታ ሰቅለው «የፔሩ ታሪክ ከመቼ ይጀምራል?» ብለው ጠየቁን። እኔም ቶሎ እጄን አውጥቼ «ስፔኖች ከገቡበት ከ1532!» አልኩ። መምህሩም «ታዲያ ሲገቡ ማንን አገኙ? ባዶ ቤት ነው እንዴ የገቡት?» አሉኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔ አፈርኩ። ጥያቄው ግን ከነከነኝና ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን እነሆ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከስፔኖች በፊት

ስፔኖች ከመምጣታቸው ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የአንዲስ ገበሬዎች የዱር ድንችን አላምደው ማምረት ጀመሩ። እኛ በወጥና በቅቅል የምንበላው ድንች የተገኘው ከዚያ ነው! ድንቹን ሌሊት ውርጭ ላይ ያሰጡታል፣ ቀን በእግራቸው ረግጠው ውኃውን ያወጡለታል፣ ከዚያ በፀሐይ ያደርቁታል። ቹኞ ይባላል፤ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል።

በ1400ዎቹ ፓቻኩቲ የተባለ የኢንካ ንጉሥ ኩስኮን የትልቅ ግዛት መዲና አደረጋት። ሕዝቡ ግዛቱን በኬቿ ቋንቋ «ታዋንቲንሱዩ» ይለው ነበር፤ አራቱ ክፍሎች በአንድነት ማለት ነው። የመንገዳቸው ርዝመት ሲደመር 30,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ያኔ ፈረስ የላቸውም፣ ጋሪም የላቸውም። መልእክት እንዴት ይደርስ ነበር መሰላችሁ? ቻስኪ የሚባሉ ሯጮች እንደ ዱላ ቅብብል እየተቀባበሉ ያደርሱት ነበር። ፊደል ባይኖራቸውም የሕዝቡን ቁጥርና የግብሩን ልክ በክር ላይ እየቋጠሩ ይመዘግቡ ነበር። ክሩ ኪፑ ይባላል።

ስፔኖች ሲመጡ

በ1532 ፍራንሲስኮ ፒዛሮ 168 ያህል ሰዎች ይዞ መጣ። ይህን ያህል ትንሽ ሰው ያን ሁሉ አገር እንዴት አሸነፈ? እኔም መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር። ለካ ከአውሮፓ የመጣ በሽታ ቀድሟቸው ሕዝቡን ፈጅቶት ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች ዋስካርና አታዋልፓ ደግሞ ለዙፋን ተዋግተው አገሩ ተከፋፍሏል። በኢንካ አገዛዝ የተማረሩ ሕዝቦችም ከስፔኖች ጋር ወገኑ። ፒዛሮ አታዋልፓን በተንኮል ያዘው። አታዋልፓ ለነፃነቱ አንድ ክፍል ሙሉ ወርቅ ሰጠ። እነሱ ግን ወርቁንም ወሰዱ፣ እሱንም በ1533 ገደሉት።

ከዚያ ኩስኮ ገቡ። ቆሪካንቻ የተባለውን የፀሐይ ቤተ መቅደስ ወርቁን ገፈፉና በግንቡ ላይ የራሳቸውን ገዳም ሠሩ። በ1950 ግን ኩስኮን የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ላይ የተሠራው ገዳም አብዛኛው ፈረሰ፤ ሥር ያለው የኢንካ ግንብ ቆመ!

ሕዝቡ የት ደረሰ?

ሕዝቡም እንደ ግንቡ ነው። በ1780 ሁለተኛው ቱፓክ አማሩና ባለቤቱ ሚካኤላ ባስቲዳስ የግብርና የግዳጅ ሥራ ጭቆና በዝቶ ሕዝቡን አስነሡ። በ1781 ሁለቱም በኩስኮ አደባባይ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ የኢንካን ልብስ መልበስ እንኳ ተከለከለ። ፔሩ በ1821 ነፃነቷን አወጀች። የተራራው ገበሬ ግን በ1969 የመሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ በባለርስቶች መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ ኖረ። የኬቿ ቋንቋም በ1975 የመንግሥት ቋንቋ እንዲሆን ታወጀ።

በጣም የወደድኩትን መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩላችሁ። በኩስኮ አካባቢ፣ በአፑሪማክ ወንዝ ላይ፣ ከሳር ብቻ የተሠራ ድልድይ አለ። ስሙ ቄስዋቻካ ነው። በየዓመቱ በሰኔ ወር አራት መንደሮች ይሰበሰባሉ። ሴቶቹ ሳሩን ይገምዳሉ፣ ወንዶቹ ቀጫጭኑን ገመድ ጎንጉነው ያወፍሩታል። አሮጌውን ቆርጠው ጥለው አዲሱን ይዘረጋሉ። ይህ ከኢንካ ዘመን ጀምሮ የመጣ ሥራ ነው። በኮሮና ምክንያት ሳይታደስ ቀርቶ በ2021 ወንዙ ውስጥ ወደቀ። በዚያው ዓመት ሰኔ እንደገና ሠሩት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ነው።

እንግዲህ አሁን መምህሬ ቢጠይቁኝ እንዲህ እላለሁ፦ «ቲቸር፣ ታሪኩ የሚጀምረው ድንቹን መጀመሪያ ከተከሉት ሰዎች ነው። ልጆቻቸውም ዛሬ እዚያው አሉ።» እንግዳ የመጣበት ቀን የታሪኩ አንድ ገጽ እንጂ መጀመሪያው አይደለም።

እናንተስ፣ የሰፈራችሁ ታሪክ ከመቼ ይጀምራል? አያቶቻችሁን ጠይቁና ጽፋችሁ በክበባችን ሳጥን ውስጥ ክተቱልን። በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

ቸር ያሰንብተን!

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 8ኛ «ለ»