«ሸሞንሟናዬ» ምን ዓይነት ሽፋን ይገባዋል?

ሙዚቃ በጆሮ የሚሰማ እንጂ በዓይን የሚታይ አይደለምና ሽፋኑ ምን ይረባል የሚል ሰው አይጠፋም። ይሁን እንጂ የአቶ ኃይሉ መርጊያን «ሸሞንሟናዬ» ከመረሳት ያዳነው በአንድ ሱቅ ውስጥ በዓይን መታየቱ ነው። ስለዚህ ወዳጆቼ፥ ስለዚሁ ሥራና ለእርሱ ስላዘጋጀሁት አዲስ ሽፋን ጥቂት ልግለጽላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አቶ ኃይሉ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ከዋልያስ ባንድ ጋር ኦርጋን ሲጫወቱ ኖረው በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ሲሻገር አብረው ሄዱ፤ በዚያው ቀሩ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ለብቻቸው ወደ አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ገብተው ይህን ካሴት ቀረጹ። አጃቢ ባንድ አልነበራቸውም። ከበሮውን የሚመታላቸው መሣሪያ ነበር፤ የቀረውን ድምፅ ሮድስ ከተባለው የኤሌክትሪክ ፒያኖና ሙግና ያማሃ ከተባሉት ሲንተሳይዘሮች አወጡት። ሲንተሳይዘር ማለት ክር ሳይገረፍ፥ ቆዳ ሳይመታ፥ በኤሌክትሪክ ኃይል ብቻ ድምፅን የሚፈጥር መሣሪያ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ በወጣትነታቸው የለመዱትን አኮርዲዮን ጨመሩበት። «አምባሰል» እና «ሽለላ» ሳይቀሩ በዚህ መንገድ ተጫወቱ። ሽለላን ከሰው ጉሮሮ ብቻ ሲሰማ ላደገ የመተማ ልጅ ይህ መጀመሪያ ግር ይለዋል፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲሰማው ግን ትከሻው አይታዘዝለትም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አለፈ። አቶ ኃይሉ በዋሽንግተን አጠገብ ባለው በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዱ ነበር፤ መንገደኛ እስኪመጣ ድረስ ከመኪናው ኋላ ትንሽ ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ አገራችንን ሲጐበኝ ካሴቱን በእኛው ባሕር ዳር አገኘው። ስማቸውን ይዞ በኢንተርኔት ካፈላለጋቸው በኋላ ደወለላቸው፤ በ2013ም ሥራው በሸክላ ጭምር እንደገና ታተመ። አቶ ኃይሉ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር መድረክ ላይ ቆመዋል።

እንግዲህ የሽፋን ጣጣ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የካሴት ፊት ስፋቱ ስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል፥ ቁመቱ ዐሥር ያህል ነው። የሸክላ ሽፋን ግን በየጐኑ 31 ሴንቲ ሜትር የሚሆን አራት ማዕዘን ነው፤ በስፋት ብናሰላው ካሴቱን ከ14 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። የቆመውን ሥዕል ወደ ጐን ብትለጥጡት ሰውየው ይወፍራል፤ ብትቈርጡት ወይ ራሱ ወይ መሣሪያው ይቀራል። በስልክ ላይ ሲታይ ደግሞ ያው ሥዕል የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ይሆናል።

ሽፋን መለወጥ በሌላ አገርም የተለመደ ነው። ክራፍትቨርክ የተባሉት ጀርመኖች በ1974 «አውቶባን» የተባለውን የታወቀ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሸክላቸውን ሲያወጡ ኤሚል ሹልት ሰፊ የመኪና መንገድ፥ ተራራ፥ ፀሐይና መኪናዎች ሣለላቸው። በእንግሊዝ አገር ሲታተም ግን በሰማያዊ ላይ ነጭ የመንገድ ምልክት ብቻ ተደረገበት፤ በ2009 እንደገና ሲወጣም የተመረጠው ያ ምልክት ነው። ለእኔ ሥዕሉ ያምራል፤ ምልክቱ ግን ይበልጣል። ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው አስፋልት በጭነት መኪና ያለፈ ሰው የመንገድ ምልክት ለምን በጥቂት መስመር እንደሚሣል ያውቃል።

ስለዚህ ለ«ሸሞንሟናዬ» አንድ ነገር ብቻ ሣልሁ፤ ይኸውም የአኮርዲዮን ወናፍ ነው። የወናፉ እጥፋቶች ከግራ ይጀምሩና ወደ ቀኝ ሲሄዱ ቀስ በቀስ ጥቁርና ነጭ የፒያኖ ጣቶች ይሆናሉ። መደቡ የደረቀ የሰሊጥ ነዶ ዓይነት ብጫ ነው። ጀበናና ጎጆ ጨምርበት ያሉኝ ጓደኞች ነበሩ። የባዕድ አገር ገዢ ይወደው ይሆናል፤ ነገር ግን ይህ ሙዚቃ የተሠራው በዋሽንግተን ስቱዲዮ እንጂ በጎጆ ቤት አይደለምና አልተቀበልኋቸውም።

ብዙ ያስቸገረኝ ፊደሉ ነው። ቃሉ ስድስት ፊደል አለው፤ በሁለት መስመር ቢከፈል ይሰበራል፤ በአንድ መስመር ቢጻፍ ለእያንዳንዱ ፊደል የሚደርሰው አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሲያንስ ደግሞ «ሟ» ከእግሯ ሥር ያለችው ሰረዝ ካልወፈረች «ማ» ተብላ ትነበባለች። ስለዚህ ሰረዟን አወፈርኋት። የአቶ ኃይሉን ስም ከርእሱ በላይ አደረግሁት፤ ለዚህም ምክንያት አለኝ።

በመተማ ዮሐንስ ሱቆች ዘፈን የሚሸጠው በሜሞሪና በፍላሽ እየተገለበጠ ነው። ሾፌሩም፥ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረደውም ሠራተኛ ይዞት ይሄዳል። ስልኩ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው «ትራክ 05» የሚል ቁጥር ነው። ሥዕሉንም ስሙንም በራሱ በዘፈኑ ፋይል ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ የሚደክምበት ሰው አነሰ እንጂ። ባሕር ዳር የተገኘው ካሴት ሳይሆን እንዲህ ያለ ሜሞሪ ቢሆን ኖሮ አሜሪካዊው ማንን ብሎ ይፈልግ ነበር? ሥዕሉ ቢጠፋ እንኳ ስሙ ቀድሞ እንዲታይ የፈለግሁት ስለዚህ ነው።

የሣልሁትን በሚቀጥለው ገጽ ታዩታላችሁ። ብጫው በማባዣው ላይ ግራጫ ስለሚሆን በሐሳባችሁ ቀቡት።